የልማት ብድር አመራረጥ፦ ከወለዱ ባሻገር ምን ከምን ይወዳደራል?

ለመንገድ፣ ለኃይል ማመንጫ ወይም ለውኃ ፕሮጀክት 100 ሚሊዮን ዶላር የምትፈልግ ድሃ አገር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ አበዳሪ ታገኛለች። ሦስት አራት የብድር ሐሳብ በቀረበ ጊዜ ግን የካቢኔውም የፓርላማውም ክርክር በአንድ ቁጥር ዙሪያ ይሰበሰባል፤ በወለዱ። ወለድ ትልቅ ነገር ነው፤ ብቻውን ከታየ ግን ያሳስታል። ሁለት ብድሮች እኩል 2 በመቶ ወለድ እያላቸው አንዱ ከሌላው እጅግ ሊከብድ ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጡት የእፎይታ ጊዜው (ዋናው ገንዘብ ገና የማይጠየቅበት)፣ የመክፈያው ርዝመት፣ ከፊት የሚቆረጡ ክፍያዎች፣ ብድሩ የሚመለስበት የገንዘብ ዓይነትና መክፈል ባልተቻለ ጊዜ ውሉ የሚደነግገው ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በእነዚህ ላይ ያተኩራል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አበዳሪዎቹና የሚያቀርቡት

ለድሃ አገሮች ርካሹ ምንጭ የዓለም ባንክ ቡድን አካል የሆነው ዓለም አቀፍ የልማት ማኅበር፣ በምኅጻሩ አይዲኤ ነው። በ1960 ተቋቁሟል። መደበኛ ብድሩ በ38 ዓመት ተከፍሎ የሚያልቅ ሲሆን በመጀመሪያዎቹ 6 ዓመታት ዋናው ገንዘብ አይጠየቅም፤ ዓመታዊ የአገልግሎት ክፍያው 0.75 በመቶ ነው። ገቢያቸው ትንሽ ከፍ ያለና ከሌላም መበደር የሚችሉ አገሮች ደግሞ 30 ዓመት ከ5 ዓመት እፎይታ ጋር ይሰጣቸዋል፤ ከአገልግሎት ክፍያው በተጨማሪ 1.25 በመቶ ወለድ ይከፍላሉ። እነዚህ ምጣኔዎች በኤስዲአር (ከአምስት ገንዘቦች በተዋቀረ የሒሳብ መለኪያ) የተሰሉ ስለሆኑ ብድሩ በዶላር ወይም በዩሮ ሲወሰድ ቁጥሩ ይለወጣል፤ በዶላር የቀረበን ሐሳብ ከኤስዲአር ምጣኔ ጋር በቀጥታ ማወዳደር የተለመደ ስህተት ነው። ከ2022 ወዲህ ደግሞ 50 ዓመት የሚቆይ፣ 10 ዓመት እፎይታ ያለው፣ ወለድም የአገልግሎት ክፍያም የሌለበት ብድር ተጨምሯል።

የአይዲኤን ዓይነት የሚመርጠው ተበዳሪው እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ወሳኞቹ የነፍስ ወከፍ ገቢው፣ አገሪቱ ከገበያ የመበደር አቅሟና የዕዳ ጫና ስጋት ደረጃዋ ናቸው። ስጋቷ ከፍተኛ ነው ተብላ የተመደበች፣ ከገበያም መበደር የማትችል ድሃ አገር ከአይዲኤ የምታገኘው ስጦታ ነው፤ መካከለኛ የተባለችው ለ50 ዓመቱ ብድር ትታጫለች። ስለዚህ ከሌላ አበዳሪ ውድ ብድር ከመፈረሙ በፊት “ይህ ብድር ደረጃችንን ይለውጠዋል? ከአይዲኤ የሚደርሰንንስ ይቀንሰዋል?” ተብሎ መጠየቅ አለበት። አይዲኤ ተበዳሪው ስለ ዕዳ አስተዳደሩ የገባውን ግዴታ ካልፈጸመ ከተመደበለት ገንዘብ ከፊሉን ይዞ ሊያቆይ ይችላል። ከርካሽ ምንጭ የሚቀረው ገንዘብ ከውዱ ብድር ዋጋ ላይ መደመር ያለበት ወጪ ነው፤ በሒሳብ ሰንጠረዦች ላይ ግን አይገኝም።

የአይዲኤ ደካማ ጎን ሁለት ነው። ገንዘቡ ለየአገሩ በቀመር የሚመደብ ስለሆነ አንድ ትልቅ ግድብ ብቻውን የሦስት ዓመቱን ድርሻ ሊጨርሰው ይችላል። ሁለተኛው ጊዜ ነው፤ የአካባቢና የማኅበራዊ ተጽዕኖ ጥናት፣ የግዢ ደንብ፣ የተነሺዎች ካሣ ዕቅድ ሁሉ ካልተሟላ ገንዘቡ አይለቀቅም። ይህን “ቢሮክራሲ” ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ያው የካሣ ጉዳይ በሌላ አበዳሪ ብድር ሲዘለል ወጪው ሳይቀር ዘግይቶ ይመጣል፤ ግንባታው ቆሞ ወለዱ እየቆጠረ። የአፍሪካ ልማት ባንክ ቡድን አካል የሆነው የአፍሪካ ልማት ፈንድም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል።

ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ አይኤምኤፍ፣ ለመንገድ ወይም ለግድብ አያበድርም። የሚያበድረው የውጭ ምንዛሪ ክምችቱ ለተመናመነ ማዕከላዊ ባንክና ለመንግሥት በጀት ነው። ለድሃ አባላቱ ያለው ዋናው መስኮት ከ5 ዓመት ተኩል እፎይታ በኋላ እስከ 10ኛው ዓመት የሚከፈል ነው። ለረጅም ጊዜ ወለድ አልነበረውም፤ ከ2025 ወዲህ ግን በጣም ድሃ የሆኑት ያለ ወለድ ሲቀጥሉ ትንሽ የተሻለ አቅም ያላቸው ከኤስዲአር ወለድ የተወሰነ ድርሻ ይከፍላሉ። የመክፈያው ጊዜ ለልማት ሥራ አጭር ነው፤ ትምህርት ቤት በአይኤምኤፍ ገንዘብ መሥራት አያዋጣም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲጸድቅ የዓለም ባንክና የሌሎች የበጀት ድጋፍ ይከተላል። በአንጻሩ ፕሮግራሙ ውድ ብድር ላይ ጣሪያ ሊጥል ይችላል፤ ውድና ርካሽ የሚለይበት መስፈርት ደግሞ ከታች በሒሳብ የምናየው የስጦታ ድርሻ ነው።

የሁለትዮሽ ብድር፣ ማለትም መንግሥት ለመንግሥት የሚሰጠው፣ ጸባዩ እንደ አበዳሪው ይለያያል። የጃፓኑ ጃይካና የፈረንሳዩ ኤኤፍዲ፣ ሁለቱም የየመንግሥታቸው የልማት ድርጅቶች፣ በዚህ ረገድ የቆዩ ናቸው። የቻይና ኤክዚም ባንክ በቅናሽ የሚሰጠው ብድር በተለምዶ 2 በመቶ ወለድ፣ 20 ዓመት የመክፈያ ጊዜና ከ5 እስከ 7 ዓመት እፎይታ አለው፤ የማኔጅመንትና ያልተለቀቀ ገንዘብ ላይ የሚታሰብ ክፍያ እያንዳንዳቸው 0.25 በመቶ ሆነው ይጨመሩበታል። ሥራ ተቋራጩና አብዛኛው ግዢ ከአበዳሪው አገር ይሆናል። ፍጥነቱ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ጥያቄው ለፍጥነቱ ስንት እንደተከፈለ ነው።

የኤክስፖርት ብድር ከዚህ ይለያል። ዓላማው የአበዳሪውን አገር ማሽንና አገልግሎት መሸጥ ነው። የመክፈያው ጊዜ አጭር፣ ወለዱ ብዙ ጊዜ ተንሳፋፊ (ከገበያው ጋር የሚለዋወጥ)፣ የኢንሹራንስ አረቦኑ ደግሞ ከፊት የሚከፈል ነው። በተለምዶ የውሉን ዋጋ 85 በመቶ ብቻ ስለሚሸፍን ቀሪውን 15 በመቶ ተበዳሪው ከራሱ ወይም ከንግድ ባንክ ያመጣል። ከንግድ ባንክ የመጣው 15 በመቶ ከጥቅሉ እጅግ ውዱ ክፍል ይሆናል፤ በድርድር ጊዜ ግን ስለ 85 በመቶው ብቻ ሲወራ ይውላል።

በመጨረሻ ዩሮቦንድ፣ ማለትም መንግሥት በዓለም አቀፍ ገበያ ለባለሀብቶች የሚሸጠው የዕዳ ሰነድ፣ አለ። ከስሙ በተቃራኒ ብዙውን ጊዜ በዶላር ነው። በሳምንታት ውስጥ ገንዘብ ይገኛል፤ ምን ላይ እንደሚውል የሚጠይቅ የለም፤ የተለየ የፖሊሲ ቅድመ ሁኔታም አይጠየቅም። ዋናው ገንዘብ ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ ጊዜ ይመለሳል። ኢትዮጵያ በዲሴምበር 2014 በ6.625 በመቶ የሸጠችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሙሉው በዲሴምበር 2024 የሚከፈል ነበር፤ በዲሴምበር 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለዱ ሳይከፈል ቀረ። ኬንያም በ2014 የሸጠችውና በጁን 2024 የሚመለስ የ2 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ነበራት። ቀኑ ሲቃረብ በፌብሩዋሪ 2024 አዲስ የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ከ10 በመቶ በላይ በሆነ ምጣኔ ሸጣ የአሮጌውን ብዙ ክፍል መልሳ ገዛች። ሁለቱም አገሮች የገጠማቸው ችግር አንድ ነበር፤ ዕዳው የሚመለስበት ዓመት ገበያው ከተዘጋበት ወይም ከተወደደበት ጊዜ ጋር ገጠመ። የተለያየው መውጫቸው ነው።

የተለያዩ ብድሮችን ወደ አንድ መለኪያ ማምጣት

ማወዳደሪያው የስጦታ ድርሻ ይባላል። አሠራሩ ከባድ አይደለም። የብድሩ የወደፊት ክፍያዎች ሁሉ፣ ዋናውም ወለዱም የአገልግሎት ክፍያውም፣ በየዓመታቸው ይዘረዘራሉ። እያንዳንዱ ክፍያ በቅናሽ ምጣኔ ወደ ዛሬ ዋጋ ይመለሳል፤ የዓለም ባንክና አይኤምኤፍ በጋራ የሚጠቀሙበት ምጣኔ 5 በመቶ ነው። ከዚያ ይደመራሉ። ድምሩ ከብድሩ መጠን ሲቀነስና ለብድሩ መጠን ሲካፈል የስጦታ ድርሻው ይገኛል። 35 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ብድሩ ቅናሽ ያለው ይባላል። ከዚያ በታች ከሆነ በአይኤምኤፍ ፕሮግራም ውስጥ ላለች አገር ውድ ብድር ነው።

100 ሚሊዮን ዶላር በአንድ ጊዜ ተለቅቆ በዓመት አንድ ጊዜ ቢከፈል፣ ሒሳቡ እንዲህ ይወጣል።

50 ዓመት፣ 10 ዓመት እፎይታ፣ ያለ ወለድ፦ የስጦታ ድርሻው 74 በመቶ ገደማ።

38 ዓመት፣ 6 ዓመት እፎይታ፣ 0.75 በመቶ፦ 54 በመቶ ገደማ። ጠቅላላ የሚመለሰው 117 ሚሊዮን፤ ከፍተኛው ዓመታዊ ክፍያ 3.9 ሚሊዮን።

20 ዓመት፣ 5 ዓመት እፎይታ፣ 2 በመቶ፦ 27.5 በመቶ። ጠቅላላ 126 ሚሊዮን፤ ከፍተኛው ዓመት 8.7 ሚሊዮን።

15 ዓመት፣ 3 ዓመት እፎይታ፣ 3.5 በመቶ፦ 11 በመቶ ገደማ። ጠቅላላ 133 ሚሊዮን፤ ከፍተኛው ዓመት 11.8 ሚሊዮን።

የ10 ዓመት ዩሮቦንድ በ8 በመቶ፦ ከዜሮ በታች 23 በመቶ። ጠቅላላ 180 ሚሊዮን፤ በ10ኛው ዓመት ብቻ 108 ሚሊዮን።

ጠቅላላ ተመላሹን ብቻ ለሚያይ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት 9 ሚሊዮን ስለሆነ ቀላል ይመስላል። በዛሬ ዋጋ ሲታይ ግን የ38 ዓመቱ 46 ሚሊዮን፣ የ20 ዓመቱ 72.5 ሚሊዮን ይከብዳል።

“2 በመቶ ወለድ ርካሽ ነው” የሚለው አነጋገርም እዚህ ላይ ይፈርሳል። 2 በመቶው ብድር 35 በመቶውን አላለፈም። እንዲያልፍ ሁለት መንገድ አለ፤ ወለዱን ወደ 1 በመቶ ማውረድ (36.6 በመቶ ይደርሳል) ወይም ወለዱን ሳይነኩ ጊዜውን ወደ 30 ዓመት፣ እፎይታውን ወደ 10 ዓመት ማሳደግ (37 በመቶ)። ተደራዳሪዎች ሁልጊዜ ወለዱ ላይ ይታገላሉ፤ አበዳሪው የወለዱን ቁጥር መቀነስ በማይፈልግበት ጊዜ ግን የሚያዋጣው ስለ ዓመታት መደራደር ነው። ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ማደባለቅ። ለዚያው ፕሮጀክት 20 ሚሊዮን ስጦታ ተገኝቶ ብድሩ 80 ሚሊዮን ቢሆን ጥቅሉ 42 በመቶ ይደርሳል። ይህ የሚቆጠረው ግን ስጦታውና ብድሩ በአንድ ፕሮጀክት ተያይዘው ከቀረቡ ነው፤ ከዓመት በፊት ለሌላ ሥራ የመጣ ስጦታ አይደመርም።

ሒሳቡን የሚያበላሹ ሁለት ነገሮች በብዛት ይዘለላሉ። አንደኛው ከፊት የሚቆረጥ ክፍያ ነው። ከላይ ባለው የ15 ዓመት ብድር ላይ 6 በመቶ የኢንሹራንስ አረቦን ከፊት ቢቆረጥ አገሪቱ በእጇ የሚገባው 94 ሚሊዮን ሆኖ ዕዳዋ 100 ሚሊዮን ይሆናል፤ የስጦታ ድርሻው ከ11 ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ሁለተኛው ያለ ውድድር የሚሰጥ ግንባታ ዋጋ ነው። በውድድር 80 ሚሊዮን ይፈጅ የነበረ ሥራ በተያያዘ ብድር (ሥራ ተቋራጩና ግዢው ከአበዳሪው አገር በሚሆንበት) 100 ሚሊዮን ቢገባ፣ የ2 በመቶው ብድር እውነተኛ የስጦታ ድርሻ ከ27.5 ወደ 9 በመቶ አካባቢ ያሽቆለቁላል። ስለዚህ ከተያያዘ ብድር ጋር የሚመጣን ውል ከመቀበል በፊት በገለልተኛ መሐንዲስ የተሠራ የዋጋ ግምት መያዝ ከወለድ ድርድር ይበልጥ ገንዘብ ያድናል።

በየትኛው ገንዘብ፣ በየትኛው ዓይነት ወለድ?

ተንሳፋፊ ወለድ ሲቀርብ የዛሬው ምጣኔ ለውሳኔ በቂ አይደለም። የዶላር ብድሮች መነሻ የሆነው ሶፈር በ2021 ዜሮ አካባቢ ነበር፤ በ2023 ከ5 በመቶ አለፈ። በ100 ሚሊዮን ዶላር ተንሳፋፊ ብድር ላይ ይህ በዓመት 5 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ክፍያ ነው፤ በጀቱ ላይ ያልተያዘ። ተንሳፋፊ ወለድ ለመቀበል ምክንያት ካለ እንኳ ወደ ቋሚ የመቀየር መብት ውሉ ውስጥ መኖሩ፣ የሚቀየርበት ዋጋም መታወቁ ይረጋገጥ።

የምንዛሪው ጉዳይ ከዚህ ይጠልቃል። ኤስዲአር የአምስት ገንዘቦች ድብልቅ ነው፤ በ2022 በተከለሰው ድርሻ መሠረት ዶላር 43.38፣ ዩሮ 29.31፣ ዩዋን 12.28፣ የን 7.59፣ ፓውንድ 7.44 በመቶ። ኤክስፖርቷ ሁሉ በዶላር የሚሸጥ አገር የኤስዲአር ዕዳ ስትይዝ ዩሮ ሲጠነክር ዕዳዋ በዶላር ያድጋል። አይዲኤ ለአንዳንድ ብድሮች በዶላር፣ በዩሮ፣ በፓውንድ ወይም በየን መውሰድ ስለሚፈቅድ የሚመረጠው ወለዱ ያነሰው ገንዘብ ሳይሆን የአገሪቱ የውጭ ገቢ የሚገባበት ገንዘብ ነው። የየን ወለድ ዝቅ ብሎ ሲታይ መማረክ ቀላል ነው፤ በየን የሚገባ ገቢ የሌላት አገር ግን የምንዛሪ ቁማር እየተጫወተች ነው።

ከሁሉ የከፋው አለመጣጣም ገቢው በአገር ውስጥ ገንዘብ ሆኖ ዕዳው በዶላር ሲሆን ነው። የክፍያ መንገድ፣ የመብራት ድርጅት፣ የከተማ ውኃ ሁሉም የሚሰበስቡት በአገር ውስጥ ገንዘብ ነው። የአገሪቱ ገንዘብ በዓመት 10 በመቶ ቢዳከም 0.75 በመቶ የሚያስከፍለው ብድር በአገር ውስጥ ገንዘብ ሲሰላ ወደ 11 በመቶ የተጠጋ ወጪ አለው። ገንዘብ ሚኒስቴር ብድሩን ለመንግሥት ድርጅት መልሶ ሲያበድር ይህን የምንዛሪ ስጋት ማን እንደሚሸከም በግልጽ መጻፍ አለበት። ሳይጻፍ ከቀረ ድርጅቱ ታሪፉን አያሻሽልም፣ ሚኒስቴሩም በበጀት አይዝም፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ክፍያው የሚደርስበት ሳምንት ነው።

የክፉ ቀን አንቀጾች

ከፊርማ በፊት የሕግ ባለሙያ ሊያነብና ለውሳኔ ሰጪዎች በአንድ ገጽ ሊያስረዳ የሚገባው ይህ ክፍል ነው።

መያዣ። ብድሩ በነዳጅ፣ በማዕድን ወይም በኤክስፖርት ገቢ የተያዘ ነው? ገቢው በውጭ አገር ባለ የተለየ ሒሳብ ውስጥ እየገባ አበዳሪው ቀድሞ ይወስዳል? ቻድ በ2013 እና በ2014 ከነዳጅ ነጋዴው ግሌንኮር በነዳጅ ሽያጭ የሚመለስ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተበደረች። የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ከነዳጅ የምታገኘውን አብዛኛውን ገቢ ክፍያው በላው፤ ዕዳውን በተደጋጋሚ ማሸጋሸግ ግድ ሆነ። መያዣ ያለው ብድር ወለዱ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ነገር ግን በችግር ጊዜ ለሌሎች አበዳሪዎችና ለመድኃኒት ግዢ የሚተርፈውን ዶላር ያሳንሳል።

የመስቀለኛ ጥፋት አንቀጽ። ይህ አንቀጽ ያለበት ውል ተበዳሪው ሌላ ቦታ አንድ ክፍያ ሲያሳልፍ አበዳሪው የራሱን ብድር በሙሉ ወዲያው እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ሊኖር ይችላል፤ የሚነሣበት የገንዘብ መጠን ግን ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ በግብይት ላይ ያለ ክርክር የሚያስነሣው እንዳይሆን።

ሚስጥራዊነት። ተበዳሪው ውሉን ለፓርላማ፣ ለኦዲተርና ለሌሎች አበዳሪዎች ማሳየት የማይችል ከሆነ ብድሩ መወሰድ የለበትም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሞዛምቢክ ውስጥ በ2013 እና በ2014 ሦስት የመንግሥት ኩባንያዎች በመንግሥት ዋስትና ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ተበደሩ፤ ዋስትናው ፓርላማው ያላጸደቀው ነበር። የብዙው ክፍል ምሥጢር በ2016 ሲወጣ አይኤምኤፍና ለጋሾች ድጋፋቸውን አቋረጡ። አገሪቱ የከፈለችው ዋጋ ከብድሩ በላይ ነበር።

የቦንድ ውል ውስጥ ደግሞ የጋራ ውሳኔ አንቀጽ መኖሩ ይታይ። 75 በመቶ ባለ ቦንዶች የተስማሙበት ሽግሽግ ቀሪዎቹን የሚያስገድድ ከሆነ ጥቂት ባለሀብቶች ፍርድ ቤት ሄደው ስምምነቱን ማገድ ይከብዳቸዋል። ለአውሎ ነፋስ ወይም ለድርቅ ለተጋለጠች አገር አደጋ ሲደርስ ክፍያ የሚያስተላልፍ አንቀጽ መጠየቅም ይቻላል፤ ግሬናዳ በ2024 ከቤሪል አውሎ ነፋስ በኋላ ተጠቅማበታለች።

ገንዘቡ ካልተለቀቀ

የተፈረመ ብድር የገባ ገንዘብ አይደለም። ውሉ ሥራ ላይ እንዲውል የፓርላማ ማጽደቅ፣ የፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ አስተያየት፣ የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት መቋቋም፣ አንዳንዴም የተበዳሪው ድርሻ በሒሳብ መቀመጥ ይጠየቃል። እስከዚያ ድረስ ባልተለቀቀው ገንዘብ ላይ ክፍያ ሊቆጠር ይችላል፤ 0.5 በመቶ ከሆነ ያልተነካ 100 ሚሊዮን በዓመት 500 ሺህ ዶላር ያስወጣል።

ከዚህ የሚከፋው የእፎይታው ሰዓት ከፊርማ ቀን ሲጀምር ነው። 5 ዓመት እፎይታ ያለው ብድር የመሬት ርክክብ ለ3 ዓመት ቢዘገይ፣ ግንባታውም 4 ዓመት ቢፈጅ፣ ዋናው ገንዘብ መመለስ የሚጀመረው ፕሮጀክቱ ሥራ ሳይጀምር ነው። የዘገየ የመስመር ዝርጋታ ያለበት የኃይል ማመንጫ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ጣቢያው አልቆም መብራት የሚሸጥበት መስመር ከሌለ ገቢ የለም። ስለዚህ ሁለት ነገር ይደረግ፤ እፎይታው ከመጀመሪያው የገንዘብ መልቀቅ እንዲቆጠር ይደራደሩ፤ ካልተቻለ የመሬቱና የካሣው ጉዳይ ሳያልቅ አይፈረም።

ክፍያውን መሸከም ይቻላል?

የዓለም ባንክና አይኤምኤፍ ለድሃ አገሮች የዕዳ ትንተና ሲሠሩ አገሮችን በዕዳ የመሸከም አቅማቸው ደካማ፣ መካከለኛና ጠንካራ ብለው ይከፍላሉ። የውጭ ዕዳ ዓመታዊ ክፍያ ከኤክስፖርት ገቢ ጋር ሲነጻጸር ጣሪያው በቅደም ተከተል 10፣ 15 እና 21 በመቶ ነው፤ ከመንግሥት ገቢ ጋር ሲነጻጸር 14፣ 18 እና 23 በመቶ። የዕዳው የዛሬ ዋጋ ከኤክስፖርት አንጻር 140፣ 180 እና 240 በመቶ ነው።

ኤክስፖርቷ 3 ቢሊዮን ዶላር የሆነ፣ አቅሟ ደካማ የተባለ አገር በዓመት ከ300 ሚሊዮን በላይ ስትከፍል ጣሪያውን ታልፋለች። አሁን 220 ሚሊዮን እየከፈለች ከሆነ የ38 ዓመቱ ብድር 224 ሚሊዮን ያደርስባታል፤ ዩሮቦንዱ በ10ኛው ዓመት 328 ሚሊዮን። ለዚህ ነው የአማካይ ክፍያ ንጽጽር ከንቱ የሚሆነው፤ የሚታየው ከፍተኛው ዓመት ነው። አዲስ ብድር ሲመዘን ያሉት ዕዳዎች ሁሉ በዓመት በዓመት ተደርድረው አዲሱ በላያቸው ይቀመጥ፤ ጫፎቹ ከተገናኙ የክፍያ ቀኑ ወይም የእፎይታው ርዝመት ይለወጥ።

ይህ የሚሠራው የዕዳው መዝገብ እውነተኛ ከሆነ ነው። ብዙ አገሮች የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ተቋም የሆነውን የአንክታድን ዲኤምፋስ ወይም የኮመንዌልዝን ሜሪዲያን የዕዳ መዝገብ ሶፍትዌር ይጠቀማሉ። ሶፍትዌሩ ያልተመዘገበ ዋስትናን አያውቅም። የመንግሥት ድርጅቶች ብድር፣ የተሰጡ ዋስትናዎችና ያልተከፈሉ የሥራ ተቋራጭ ሒሳቦች በየሩብ ዓመቱ ካልገቡ ትንተናው የሚያረጋጋ ወረቀት ብቻ ይሆናል። የክፍያ ማስታወቂያ ሲደርስ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከርም ግዴታ ነው፤ አበዳሪም ይሳሳታል።

መዘግየት ዋጋ አለው። ለዓለም ባንክ የሚገባ ክፍያ 60 ቀን ካለፈው ለአገሪቱ ፕሮጀክቶች ሁሉ ገንዘብ መልቀቅ ይቆማል። በዚህ ምክንያት ለባለብዙ ወገን ተቋማት የሚከፈለው በአብዛኛው ቀድሞ ይከፈላል፤ ተቋማቱም ያበደሩትን ዕዳ አያሸጋሽጉም።

መክፈል ሲያቅት ያሉት መንገዶች

በ1996 የተጀመረው የከባድ ዕዳ ድሃ አገሮች ስረዛ ፕሮግራም ለ39 አገሮች የታቀደ ነበር፤ ሶማሊያ በዲሴምበር 2023 ስትጨርስ 37ኛዋ ሆነች። አዲስ አገር በዚያ በር ትገባለች ብሎ ማቀድ አይቻልም።

አሁን ያለው መንገድ በኖቬምበር 2020 በቡድን 20 የተቋቋመው የጋራ ማዕቀፍ ነው፤ የፓሪስ ክለብ (የነባር አበዳሪ መንግሥታት ስብስብ) አባላትንና እንደ ቻይና ያሉ አባል ያልሆኑ አበዳሪዎችን በአንድ ኮሚቴ ያስቀምጣል። ሒደቱ የሚጀምረው ከአይኤምኤፍ ጋር በባለሙያ ደረጃ በመስማማት ነው፤ ቀጥሎ አበዳሪ መንግሥታት የድጋፍ ማረጋገጫ ይሰጣሉ፤ የአይኤምኤፍ ቦርድ ፕሮግራሙን ያጸድቃል፤ ከዚያ የመግባቢያ ሰነድ፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ መንግሥት ጋር የተለየ ውል ይፈረማል። ለቦንድ ባለቤቶችና ለባንኮች አገሪቱ ራሷ ተመጣጣኝ ቅናሽ መጠየቅ አለባት። ዛምቢያ በ2020 መጨረሻ ቦንድ መክፈል አቆመች፤ ከመንግሥታት ጋር በ6.3 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ላይ የተስማማችው በጁን 2023፣ የቦንድ ልውውጧን የፈጸመችው በጁን 2024 ነው። ስለዚህ ወደ ሽግሽግ የምትሄድ አገር ለወራት ሳይሆን ለዓመታት የሚበቃ የገንዘብ ዕቅድ ያስፈልጋታል፤ ያለ ስምምነት ለአንዱ አበዳሪ ብቻ በምሥጢር ክፍያ መቀጠልም ሌሎቹን ያስኮርፋል።

ሽግሽግ ሲቀርብ ዋናውን ዕዳ መቁረጥ፣ ወለድ መቀነስና ጊዜ ማራዘም አንድ አይደሉም። የፖለቲካ ሰው የሚወደው ቁጥር የመጀመሪያው ነው። ችግሩ የአንድ ጊዜ የዶላር እጥረት ከሆነ ጊዜ ማራዘም ይበቃል። የዕዳው የዛሬ ዋጋ ከጣሪያው እጅግ ካለፈ ግን ማራዘም ብቻውን ሁለተኛ ሽግሽግ ይጠራል።

ዕዳን በልማት ወጪ መለወጥም ይጠቀሳል። ቤሊዝ በ2021 553 ሚሊዮን ዶላር ዋጋ ያለውን ቦንድ በዶላር 55 ሳንቲም መልሳ ገዝታ ለባሕር ጥበቃ የሚውል ግዴታ ገባች። የሚያዋጣው ቦንዱ በገበያ ላይ በርካሽ ሲሸጥና አዲሱን ብድር የሚደግፍ ዋስ ሲገኝ ነው። ቦንዱ በሙሉ ዋጋው አካባቢ የሚሸጥ ከሆነ ቅናሹ ትንሽ ሆኖ የጠበቃ፣ የአማካሪና የኢንሹራንስ ክፍያው ይበላዋል። እዚህ ላይ የሚሠራው ሒሳብ ያው ነው፤ የአዲሱ ብድር የዛሬ ዋጋ፣ የክፍያዎቹ ሁሉና የገባው የልማት ግዴታ ተደምረው ከሚጠፋው ዕዳ የዛሬ ዋጋ ካላነሱ ልውውጡ አይፈረምም።